የመኪና ቴፕና የላይተር ቀዳዳ፦ ባትሪ ሳይሞት፣ ፊውዝ ሳይቃጠል እንዴት እንጠቀም

ባለፈው ክረምት አንድ ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቁልፍ ሳዞር መኪናዋ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብላ ዝም። አርብ ማታ ስገባ መብራት አጥፍቻለሁ፣ በር ዘግቻለሁ፣ ቴፑንም በእጄ አጥፍቻለሁ። በወር ውስጥ እንዲህ ስታደርገኝ ሦስተኛዋ ሰኞ ነበረች። ጎረቤት ቀስቅሼ በኬብል አስነሳኋት፣ በዛው ባትሪ ቤት ሄድኩ፣ "ባትሪህ አርጅቷል" አሉኝ፣ አዲስ ገዛሁ፣ አዲሱም ቅዳሜና እሁድ ቆሞ ሰኞ ተኛ። በመጨረሻ አንድ ኤሌትሪሻን ክሩስኮቶውን (ዳሽቦርዱን) ፈትቶ በቴፑ ቦታ ያስገጠምኩትን ስክሪን ጎትቶ ሲያወጣው ከጀርባው ቢጫውና ቀዩ ገመድ አንድ ላይ ተጠምዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል። የባትሪ ብር የበላኝ ይሄ ጥምዝዝ ነው፣ ምክንያቱን 8ኛ ላይ ታገኙታላችሁ። ከዛ ወዲህ የመኪናን ኤሌትሪክ ነገር እየጠየቅኩ እያየሁ የተማርኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል ማስቀምጠው። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ ግን አብዛኛው ነገር ለኮሮላም ለዲዛየርም ያው ነው።

1ኛ፦ ቀዳዳው ስንት እንደሚችል አንብቡ

የሲጋራ ላይተር ቀዳዳው ክዳን ላይ ወይም ጠርዙ ላይ በትንሹ የተጻፈ ነገር አለ፣ ባብዛኛው "12 ቮልት 120 ዋት" ይላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ዋቱን ለቮልቱ ስታካፍሉት አምፒሩን ይሰጣችኋል፣ 120 ለ12 ሲካፈል 10 አምፒር። ከዚህ በላይ የሚጠጣ ነገር እዛ ቀዳዳ ላይ አይሰካም፣ በቃ።

የስልክ ቻርጀር ከ10 እስከ 20 ዋት ነው ሚወስደው፣ ችግር የለውም። ላፕቶፕ 65 ዋት አካባቢ፣ ይሄም ይገባል። የጎማ መንፊያዋ ትንሿ ፓምፕ ግን ብዙ ጊዜ ጠርዝ ላይ ናት፣ 100፣ 120፣ አንዳንዷ 150 ትላለች፣ ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ፣ 150 ካለች ቀጥታ ባትሪ ላይ በመቆንጠጫ ሚገባውን ዓይነት ግዙ። እሷንም ቢሆን 10 ደቂቃ ካሠራችኋት አሳርፏት፣ ምክንያቱም ፓምፗም ሶኬቱም ይግላሉ።

ብዙ ሰው ሚሸወደው ማከፋፈያው ላይ ነው። አንዱን ቀዳዳ ሦስት የምታደርገውን ዕቃ ገዝተው ሲሰኩ ሦስት እጥፍ ኃይል ያገኙ ይመስላቸዋል። ከጀርባ ያለው ገመድ ያው አንድ ነው፣ ፊውዙም አንድ ነው፣ ሦስቱም ዕቃ ተደምረው ነው 10 አምፒሯን የሚካፈሏት። ሁለት ስልክና አንድ ዳሽ ካሜራ ይሁን፣ ፓምፕ ከተሰካ ግን ሌላው ሁሉ ይነቀል።

2ኛ፦ ቁልፉ የት ላይ ሲሆን ኃይል እንደሚመጣ ለዩ

ቁልፍ አጥፍታችሁ ነቅላችሁ አውጡና ቻርጀር ሰክታችሁ መብራቷን እዩ። ከጠፋች ቀዳዳው በቁልፍ ነው ሚሠራው። ከበራች ቀዳዳው ሁልጊዜ ባትሪ ላይ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ከመኪና ስትወርዱ ሁሉንም መንቀል አለባችሁ። ይቺን ሙከራ ሳታደርጉ ዳሽ ካሜራ ሰክታችሁ ለሳምንት ክፍለ ሀገር አትሂዱ።

ከዛ ቅደም ተከተሉን ልመዱ፦ መጀመሪያ ሞተር አስነሱ፣ ከዛ ሰኩ። ስታጠፉም መጀመሪያ ንቀሉ ከዛ ሞተር አጥፉ። ምክንያቱም ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ሲዞር ባትሪውን በአንዴ ብዙ ይስበዋል፣ ቮልቱ ወደ 10 ይወርድና ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ዘሎ ይወጣል፣ ርካሽ ቻርጀር ይሄን መወዛወዝ አይወድም፣ እናንተም 40 ሺህ ብር ስልክ ጫፉ ላይ አንጠልጥላችሁ መሞከሪያ ባታደርጉት ይሻላል። ድምፅም እንደዛው ነው፣ ቴፑን ዝቅ አድርጋችሁ አጥፉት፣ አለዚያ ጠዋት ስታስነሱ ትናንት ማታ የተዋችሁት ድምፅ ይቀበላችኋል፣ በተለይ ልጅ ከኋላ ተኝቶ ከሆነ።

3ኛ፦ ሞተር ጠፍቶ ስንት ሰዓት ሙዚቃ ይቻላል?

ይሄ ጥያቄ ሁሌ ይጠየቃል፣ "አንድ ሰዓት ይችላል" ብሎ ዝም ብሎ ሚመልስም አይጠፋም። መልሱ እንደ ባትሪው ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ 40 አምፒር-ሰዓት ነው እንበል፣ 1 አምፒር ለ40 ሰዓት ይሰጣል እንደማለት ነው። ከዛ ውስጥ ሞተር ለማስነሳት ሚሆን እንዲተርፍ ከግማሹ በላይ መንካት የለባችሁም፣ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 20 ነው። ቴፑ በመካከለኛ ድምፅ 3 አምፒር ቢስብ፣ ስልክና ትንንሽ ነገሮች 2 ቢጨምሩ፣ በ4 ሰዓት አለቀ። ይሄ ለአዲስ ባትሪ ነው፣ ሦስት ዓመት የሠራ ባትሪ ላይ በግማሽ ቀንሱት። አምፕ (ድምፅ ማጉያ) እና ባስ ከተገጠመማ እንኳን 4 ሰዓት አንድም አይሞላም። እኔ የማደርገው ሰው ስጠብቅ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ስልኬ ላይ መስማት ነው።

ከግምት ሚያወጣችሁ ደግሞ ቀዳዳው ላይ ምትሰካ የቮልት ማሳያ አለች፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ጠይቁ፣ ውድ አይደለችም። መኪናው ካደረ በኋላ ምንም ሳይበራ 12.6 ካለ ባትሪው ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ አካባቢ ነው፣ ከ12 በታች ከወረደ ሙዚቃውን አጥፉ። ሞተር ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ሞተር እየሠራ 12 ምናምን ላይ ከቀረ ዲናሞው (ሞተር ሲሠራ ባትሪውን ሚሞላው) እየሞላ አይደለም፣ ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት ዲናሞውን አሳዩ (እኔ ይቺን ባውቅ የአዲስ ባትሪ ብር ኪሴ ይቀር ነበር፣ ዲናሞዬ ደህና እንደሆነ አይቼ ሌላ ቦታ እፈልግ ነበር)። 15 እና ከዛ በላይ ካለ ደግሞ ስልኩን ወዲያው ንቀሉና ወደ ኤሌትሪሻን።

መገናኛ መንገድ ላይ ተዘግቶ ሲቆም ሞተሩ ስለሚሠራ ባትሪ አይነካም ብሎ ሚያስብ አለ። ዲናሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ብዙ አያመርትም። ማታ፣ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ኤሲ፣ ላዩ ላይ ትልቅ አምፕ ሲጨመር ከባትሪው መበደር ይጀምራል፣ ማሳያዋ ላይ ቁጥሩ ሲወርድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፈውም። ሞተር አስነስቶ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሙዚቃ እየሰሙ መቀመጥ፣ ወይም መስኮት ዘግቶ ሞተር እየሠራ መተኛት አይቻልም። የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል፣ በዛው ነው ሚቀረው።

4ኛ፦ ቻርጀሩን በእጃችሁ ፈትሹ

መንገድ ላይ በመስኮት ሚሸጠው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፣ ግን ፈተናው ይሄ ነው፦ ሰክታችሁ 10 ደቂቃ ስልክ ቻርጅ አድርጉና ነቅላችሁ ጫፉን ንኩት። ሞቅ ማለት ያለ ነው። እጅ ሚያስለቅቅ ከሆነ ጣሉት። ሌላው መወዛወዝ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ልል ብሎ ሚነቃነቅ ቻርጀር ጉብታ በመጣ ቁጥር ይገናኛል ይለያያል፣ ያቺ ልል ቦታ ናት ሚግለው፣ ፕላስቲኩ ሚቀልጠውም እዛ ጋ ነው። ወረቀት አጥፎ ጎኑ ላይ በመጠቅጠቅ ማጥበቅ ያየሁት ብልሃት ነው፣ ወረቀት እዛ ሙቀት ላይ! አትሞክሩት።

ቀዳዳው ሲቆሽሽ ቁልፍ አጥፍታችሁ ነቅላችሁ በእንጨት ጫፍ ላይ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥረጉት። በካቻቢቴ ወይም በሌላ ብረት አይነካም። መሃል ላይ ያለችው ነጥብ ፖዘቲቭ ናት፣ ዙሪያው ኔጋቲቭ፣ ሁለቱን ብረት ካገናኛቸው ብልጭ ይልና ፊውዝ ይሄዳል። እኛ ቤት ይሄን ያደረገው የፀጉር ፒን ነው። የእህቴ ልጅ ከፊት ተቀምጣ ፀጉሯን ስትፈታ ፒኖቹን አንድ በአንድ እዛ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ሙዳይ ታስቀምጣለች፣ ሦስተኛው ላይ ጧ! ቴፑም አብሮ ጠፋ፣ ቪትዟ ላይ አንድ ፊውዝ ነበር ሁለቱን የያዘው። ከዛ ቀን ጀምሮ ምንም ካልተሰካ ክዳኑ ይዘጋል።

ፓወር ባንክና ስልክ ደግሞ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ክሩስኮቶ ላይ አይተውም። ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ለሚነዳ ሰው ይሄን መንገር ባያስፈልግም አዲስ አበባም በሚያዝያ ፀሐይ ዝግ መኪና ምድጃ ነው።

5ኛ፦ ፊውዝ ሲቃጠል

ባብዛኛው የፊውዝ ሳጥኑ ከመሪው ስር በሹፌሩ ጉልበት አካባቢ ነው፣ ክዳኑ ጀርባ ላይ ሥዕል አለው። ለቀዳዳው "ሲ አይ ጂ" ወይም "አውትሌት" የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሁሉን አጥፉ፣ በሳጥኑ ውስጥ ባለችው ትንሽ የፕላስቲክ መንቀያ አውጡት፣ ወደ ብርሃን አንሱና እዩት፣ ውስጡ ያለችው ቀጭን ድልድይ ተቆርጣ ከሆነ እሱ ነው።

በቀለሙ ነው ሚታወቀው፦ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፒር። ሰማያዊ ካወጣችሁ ሰማያዊ መልሱ። "ቢጫ ብታስገባበት አይቃጠልብህም" ሚል ሰው አይጠፋም፣ እውነቱን ነው፣ ፊውዙ አይቃጠልም፣ ከምንጣፉ ስር ያለው ገመድ ነው ሚቃጠለው። ፊውዝ መቃጠል ሥራው ነው፣ ገመዱ እንዳይቃጠል ብሎ ይሞታል። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ወይም የመዳብ ሽቦ ማሰርም ያው ነው፣ እንደውም ይብሳል። አዲሱን ስትመልሱት ወዲያው ደግሞ ከተቃጠለ ሦስተኛ አትሞክሩ፣ የሆነ ቦታ ገመድ ተልጦ ሻንሲ ነክቷል። ከየቀለሙ ሁለት ሁለት መለዋወጫ ኪስ ውስጥ ይኑር፣ አሰላ መንገድ ላይ ሲመሽ ፊውዝ ፍለጋ አይወጣም።

6ኛ፦ ኢንቨርተር

12 ቮልቱን ወደ 220 ሚቀይረው ሳጥን ማለት ነው። ላፕቶፕ ለሚይዝ፣ ካሜራ ባትሪ ለሚሞላ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ላዩ ላይ "500 ዋት" ስለተጻፈ በላይተር ቀዳዳ 500 አይወጣም፣ ቀዳዳው 120 ነው ብለናል። 65 ዋት ላፕቶፕ ኢንቨርተሩ ራሱ ሚያባክነው ተጨምሮ 6 አምፒር ተኩል ገደማ ይስባል፣ ይሄ ደህና ነው። የውሃ ማፍያ፣ የፀጉር መተኮሻ፣ ካውያ ግን አይታሰብም። 1500 ዋት ማፍያ በ12 ቮልት ሲሰላ ከ125 አምፒር በላይ ነው፣ የእንጀራ ምጣድ መኪና ውስጥ እንደመሰካት ነው እንግዲህ።

ከሳጥኑ ሚወጣው 220 የቤቱ 220 ነው፣ በእርጥብ እጅ ሲነካ እኩል ነው ሚገድለው። ዝናብ ላይ ቆሞ መስኮት ከፍቶ ገመድ ወደ ውጭ መዘርጋት የለም። ደግሞ ሳጥኑን ወንበር ስር ከምንጣፍ ጋር አትቅበሩት፣ ማራገቢያው አየር ይፈልጋል።

7ኛ፦ ሬዲዮው ለምን ሸገርን አያመጣም?

ከጃፓን የመጣ መኪና ሁሉ ባለቤቱን ሚያናድደው ይሄ ነው። ጃፓን ውስጥ ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው የነበረው፣ እኛ ጋ ከ87.5 እስከ 108። ሸገር 102.1፣ ፋና 98.1፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ሁሉም ቴፑ ከሚደርስበት በላይ ናቸው። እኔ "ቴፑ ተበላሽቷል" ብዬ ነው ያን በባትሪ ያስከፈለኝን ስክሪን ያስገጠምኩት። ኤክስፓንደር ሚባል ጣት ሚያክል ዕቃ ከአንቴናው ገመድና ከቴፑ መሃል ገብቶ ጣቢያውን ወደ ታች እንደሚያወርደው ባውቅ ኖሮ ኦርጂናሉ ቴፕ አሁንም እዛው ይሆን ነበር። 20 ሚያወርደውን ብትገዙ ሸገር 82.1 ላይ፣ ፋና 78.1 ላይ፣ 97.1 ደግሞ 77.1 ላይ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ሴቭ ማድረግ ብቻ ነው።

ብሉቱዝ ለሌለው ቴፕ ቀዳዳው ላይ ሚሰካ ሞጁሌተር አለ፣ እሱም የስልካችሁን ሙዚቃ ወደ ቴፑ በኤፍ ኤም ነው ሚያስተላልፈው። ኤክስፓንደር ከሌላችሁ ሞጁሌተሩንም ቴፑንም ከ87.5 እስከ 90 ባለው ባዶ ቦታ ላይ አገናኟቸው፣ ሁለቱ ሚገናኙበት እዛ ብቻ ነው። ባለ 20 ኤክስፓንደር ካለ ሞጁሌተሩን 105.0 አካባቢ ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ ካደረጋችሁት ቴፑ ላይ 20 ቀንሳችሁ 85.0 ላይ ፈልጉት። ሺሺሺ ካለ ቁጥሩን ትንሽ ወዲህ ወዲያ አድርጉ።

8ኛ፦ ቴፕ ወይም ስክሪን ስታስገጥሙ አጠገቡ ቁሙ

እዚህ ጋ ነው እኔ የተበላሁት። አዲስ ቴፕ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ቢጫው ገመድ ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ይፈልጋል፣ ዋናውን ኃይል ሚያመጣው እሱ ነው፣ ቴፑ ሲተኛ ግን ሰዓትና ሴቭ ያደረጋችሁትን ለማስታወስ ብቻ በጣም ጥቂት ነው ሚወስደው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው ኃይል ማግኘት ያለበት፣ "ንቃ" "ተኛ" ሚለው እሱ ነው። ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። ገጣሚው ሲቸኩል ወይም የቁልፉን መስመር ሳያገኝ ሲቀር ቢጫና ቀዩን አጣምሮ ባትሪ ላይ ያስራቸዋል፣ ይሠራል፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ብር ትከፍላላችሁ፣ ስክሪኑ ግን ከዛ በኋላ ተኝቶ አያውቅም። ቁልፍ ነቅላችሁም ሚበራ ቴፕ "ምቹ ነው" እንዳትሉ፣ ያ ምልክቱ ነው። ገጣሚው ሳይሄድ ቁልፍ ነቅላችሁ በር ዘግታችሁ ቁሙና ስክሪኑ ራሱን ሲያጠፋ እዩ። መልቲሜትር ያለው ከሆነ መኪናው ከቆመ በኋላ ባትሪው ላይ ይለካላችሁ፣ ከ50 ሚሊአምፒር በላይ ከሆነ የሆነ ነገር አልተኛም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፣ አብዛኛው የጃፓን መኪና ላይ ሚፈታው በቁጥር 10 ቁልፍ (መፍቻ) ነው። ግን ቆይ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ቴፑ ኦርጂናል ናቪጌሽን ያለው ከሆነ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ባትሪ ሲፈታ ራሱን ይቆልፍና በጃፓንኛ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። አምፕ ምታስገጥሙ ከሆነ ከባትሪው ሚነሳው ወፍራም ገመድ ባትሪው አጠገብ፣ ከ45 ሳንቲሜትር ሳይርቅ፣ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፣ ብረቱን በስቶ ሚያልፍበት ቦታም ጎማ ይግባበት፣ አለበለዚያ በጊዜ ብዛት ብረቱ ገመዱን ይልጠዋል።

ድምፁን በተመለከተ ስፒከር ሚቀደደው በትልቅ ድምፅ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በተበላሸ ድምፅ ነው፣ ቴፑ ጫፍ ደርሶ መሰንጠቅ ሲጀምር መልሱት። ለጆሮ ደግሞ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ሳይጮህ እንዲሰማችሁ ይሁን፣ ያኔ የአምቡላንስ ሳይረንም የባጃጁ ጡሩምባም ይሰማችኋል። ዘፈን ምርጫ ከመነሳታችሁ በፊት ይለቅ፣ ስልክ ይዞ መንዳት ቅጣትም አለው፣ የስልክ ማስቀመጫውም ኤርባግ ሚወጣበት ላይ አይለጠፍ፣ ገመዱም እግር ስር ወርዶ ፍሬን አይጠላለፍ።

9ኛ፦ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ

ዳር ያዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ የተሰካውን ንቀሉ፣ ከጋለ በጨርቅ ያዙት። ሰው ሁሉ ይውረድ። ሽታው ከቀጠለና ጭስ ከሌለ ኮፈኑን ከፍታችሁ ኔጋቲቩን ፍቱ። ጭስ ከኮፈኑ ስር ከሆነ ሚመጣው ግን ኮፈኑን ወለል አድርጋችሁ አትክፈቱት፣ አየር ሲያገኝ ነበልባል ይሆናል፣ ራቁና 939 (የአዲስ አበባ እሳት አደጋ) ደውሉ፣ በእጃችሁ የዱቄት ማጥፊያ ካለ በክፍተቱ በኩል ርጩ፣ ውሃ አይደፋም። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ 12 ቮልቱን ትንሿን ባትሪ ብቻ ነው ይሄ ሁሉ ሚመለከተው፣ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፣ እሱ የባለሙያ ነው።

ቁጥር 10 ቁልፏን ፖርታባጋሉ ውስጥ ከዕቃ ስር አትቅበሯት፣ እኔ በበሩ ኪስ ውስጥ ነው ማስቀምጣት፣ ከፊውዞቹ ጋር።